መምህራን ቀላል የኢንተርኔት መሣሪያዎችን እንዲጠቀሙ እንዴት ላግባባቸው?

አዲሱ አስተባባሪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦቼ። የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከዘንድሮ ጀምሮ መምህራን በኢንተርኔት የሚሠሩ ቀላል መሣሪያዎችን በክፍላቸው እንዲለምዱ የማገዝ ተጨማሪ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። የማወራው ስለ ውድ ሶፍትዌር አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ምንም ሳይጫን በብራውዘር ብቻ ስለሚከፈቱት ነው፤ ጉግል ፎርምስ (የጥያቄ ቅጽ ማዘጋጃ)፣ ፓድሌት (ተማሪዎች ጽሑፍ የሚለጥፉበት ሰሌዳ)፣ ካሁት (የጥያቄና መልስ ጨዋታ)፣ ኢተርፓድ (ብዙ ሰው አብሮ የሚጽፍበት ገጽ) እና የመሳሰሉት።

እኔ ከመመደቤ በፊት ለሁሉም መምህራን የግማሽ ቀን ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። ከውጭ የመጣው አሠልጣኝ መሣሪያዎቹን በየተራ እየከፈተ አሳየን፤ እኛም የስም መቆጣጠሪያው ላይ ፈርመን፣ አጨብጭበን ወጣን። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ወጣት መምህራን በቀር አንዱንም መሣሪያ ይዞ ክፍል የገባ አላየሁም።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል እየዞርኩ ምክንያቱን ጠየቅሁ። አንዷ "በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንዳለኝ ታውቃለህ?" አለችኝ። ሌላው ኔትወርኩን ወቀሰ። አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ተማሪዎቹ ከእኔ ይበልጣሉ፤ ፊታቸው መደነባበር አልፈልግም" አለ። እነዚህን መልሶች እጠብቃቸው ነበር። ያልጠበቅሁት ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡት የሒሳብ መምህራችን የሰጡኝን ነው። "ልጄ፣ እኔን ያደከመኝ ማስተማሩ አይደለም፤ እርማቱ ነው። እርማት የሚቀንስ ነገር ካለህ አምጣ። ከሌለህ ግን ሰሌዳዬን አትንካብኝ።"

ከየትኛው መሣሪያ ልጀምር? ሌላ ሥልጠና ላዘጋጅ ወይስ መምህራኑን አንድ በአንድ ላግኛቸው? አስተዳደሩ ደግሞ በየወሩ ስንት መምህር እንደተጠቀመ በቁጥር እንዳቀርብ ይፈልጋል። እሱንስ ምን ላድርገው?

ቆራጡ

ነገሩን አያወሳስቡት። የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ ነጥብ ያሰጡት። በየሳምንቱ አንድ መሣሪያ ያልተጠቀመ መምህር ነጥብ ይቀነስበት። ሰው የሚለምደው ሲገደድ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣም "አንፈልግም" ያሉ ነበሩ፤ ዛሬ ፈተናቸውን በምን ይጽፋሉ?

የላብራቶሪው ቁልፍ

ቆራጡ ወንድሜ፣ ያሉትን መንገድ አውቀዋለሁ። ግዴታ ሲሆን ሪፖርቱ ይሞላል፣ ክፍሉ ባዶ ይቀራል። መምህሩ "ትምህርቱ ገብቷችኋል?" የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ያለበት ፎርም ይከፍታል፣ ሊንኩን ይልካል፣ "ተጠቅሜያለሁ" የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ በነጋታው ሁሉም እንደነበረው ነው። ፈተናቸውን በኮምፒውተር መጻፍ የጀመሩትም ስለተገደዱ አይመስለኝም። አንዴ የጻፉትን ጥያቄ በዓመቱ እንደገና መጻፍ ስለቀረላቸው ነው።

እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለብዙ ዓመታትም የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ በእኔ እጅ ስለቆየ መምህራን ያንን በር ለምን እንደሚያንኳኩ፣ ለምንስ እንደሚሸሹት በቅርብ አይቻለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅር በሉኝ።

አስተባባሪው፣ የሒሳብ መምህሩ ዕቅድዎን አዘጋጅተው ሰጥተውዎታል። ፍሬድ ዴቪስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት ሰዎች አንድን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲቀበሉ ሁለት ነገር እንደሚመዝኑ አሳይቶ ነበር፤ ለሥራዬ ይጠቅመኛል ወይ? መጠቀሙስ ይቀለኛል ወይ? ከሁለቱ መካከል ከአጠቃቀሙ ጋር ይበልጥ ተያይዞ የተገኘው ጥቅሙ ነው። ሥልጠናዎቻችን ግን ዘወትር የሚሰብኩት ስለ ቅለቱ ነው። "አያችሁ፣ ሁለት ጊዜ መጫን ብቻ!" ይባላል። የማያስፈልገኝን ነገር በቀላሉ መሥራት ምን ያደርግልኛል?

ስለዚህ ሁለተኛ ሥልጠና አያዘጋጁ። የመሣሪያ ዝርዝር ይዘውም አይዙሩ። አንድ መሣሪያ፣ ለአንድ ሥራ፣ ለአንድ መንፈቅ ዓመት። ሥራው እርማት ነው፤ መሣሪያው ጉግል ፎርምስ ወይም እሱን የሚመስል ማንኛውም የጥያቄ ቅጽ ሊሆን ይችላል። ካሁትና ፓድሌት ይቆዩ።

ቅጹን የኩዊዝ ዓይነት አድርገው ትክክለኛውን መልስ አስቀድመው ከሞሉበት የምርጫ ጥያቄዎችን ራሱ ያርማል። የምርጫ ጥያቄ ማረም ለማንም ከባድ አይደለም፤ ከባድ የሚሆነው ብዛቱ ነው። እኔን ግን ከእርማቱ በላይ የጠቀመኝ ሌላ ነገር ነው። ቅጹ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ስንት ተማሪ የትኛውን ፊደል እንደመረጠ በሥዕል ያሳያል። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ላይ ደርሶ ለቅጽበት ሲቆም ምድር ትስበዋለች ወይስ አትስበውም ብዬ ብጠይቅ፣ ቆሞ የለ እንዴ ብለው "አትስበውም" የሚሉት ተማሪዎች ቁጥር ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል። በወረቀት ሳርም ይህንን የማውቀው ከብዙ ቀን በኋላ ነበር፤ ያኔ ክፍሉ ወደ ሌላ ምዕራፍ አልፏል። አሁን ደወል ሳይደወል አየዋለሁ፤ የነገው ትምህርቴ ከየት እንደሚጀምር ያን ጊዜ ይወሰናል።

አጭር ጥያቄ ማርክ ለመሙላት ብቻ የሚጠቅም የሚመስላቸው ካሉ ይህንንም ይንገሯቸው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሙከራ አንድ ጽሑፍ ካነበቡ ተማሪዎች አንዱ ቡድን ጽሑፉን እንደገና አነበበ፤ ሌላው ደግሞ ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን አስታውሰው የጻፉት በለጡ። ስለዚህ አጭር ጥያቄ መስጠት ራሱ ማስተማር ነው፤ አብዛኛው መምህር ቶሎ ቶሎ የማይሰጠው ማረሙን ፈርቶ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልምጣ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነው።

መምህሩን ባዶ ክፍለ ጊዜያቸው ላይ ይሂዱባቸው። አጠገባቸው ይቀመጡ፣ እጅዎን ግን ከማውሱ ያርቁ። "ቆይ እኔ ላድርገው" ያሉ እንደሆነ ያ ቅጽ የእርስዎ ሆነ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ይጠሩዎታል። መጀመሪያ የሚያጋጥምዎ ችግር የተረሳ የይለፍ ቃል ነው፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቀን በዚሁ ያልቃል። አይዘኑ፤ ግማሹ መምህር "አልችልም" የሚለው አካውንቱ ውስጥ መግባት ስላቃተው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። ደግሞም የናሙና ጥያቄ ይዘው አይሂዱ። "ነገ የሚሰጡት ምን አለ?" ብለው ይጠይቁና እሱኑ ይሥሩ። የናሙና ፎርም በዚያው ተረስቶ ይቀራል፤ የነገው ጥያቄ ግን ነገ ክፍል መግባቱ አይቀርም።

ሲያዘጋጁ ጥቂት ነገሮችን ያስተውሉ። ተማሪው አካውንት እንዲከፍት የሚያስገድደውን ሁሉ ያጥፉ፤ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይመልስ የሚለው ገደብና ፋይል ላኩ የሚለው ጥያቄ ሁለቱም በአካውንት መግባትን ይጠይቃሉ። ከስም በፊት የክፍል መለያ ቁጥር ያስሞሉ። ለምን ቢሉ፣ አንድ ተማሪ ዛሬ "ኃይሉ"፣ ነገ "ሀይሉ"፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ በላቲን ፊደል ስሙን ይጽፋል፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ልጆች ናቸው። በዚህ ምክንያት አጭር መልስ የሚጻፍበትን ጥያቄ በአማርኛ በራሱ ለማሳረም አይቸኩሉ። "ፀሐይ" ብለው መልስ ያስቀመጡ እንደሆነ "ጸሀይ" ብሎ የመለሰ ልጅ ዜሮ ያገኛል፤ ተቀባይነት ያላቸውን አጻጻፎች ሁሉ ዘርዝረው ካልሞሉ በቀር። ለመጀመሪያው ጊዜ ምርጫ ብቻ ይሁን።

የመጀመሪያው ቀን ክፍል ሲገቡ አብረው ይግቡና ኋላ ይቀመጡ። ፊት አይውጡ። የሚበላሸውን ዝም ብለው ያስተካክሉ፤ መምህሩ ማስተማራቸውን ይቀጥሉ። ያ ድምፁን ዝቅ ያደረገው ባልደረባዎ ከሁሉም የላቀ እውነት የነገረዎት እሱ ነው። ሰው ተማሪ ፊት ከሚያፍር ለዘላለም በጠመኔ ቢጽፍ ይመርጣል፤ እኔም አልፈርድበትም። ቅጹን አስቀድመው በወረቀት አትመው ይያዙ። ኔትወርኩ ቢጠፋ ወረቀቱን ያድላሉ፣ ትምህርቱ ይቀጥላል፣ ማንም አያፍርም።

ከማን ልጀምር ቢሉ፣ ከሁለቱ ወጣቶች አይጀምሩ። እነሱ ያለ እርስዎም ይሄዳሉ፤ የእነሱ መሄድ ደግሞ ሌላውን አያንቀሳቅስም፤ "እነሱማ ልጆች ናቸው" ይባላል። ኤቨረት ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ ነገር በሰዎች መካከል እንዴት እንደሚስፋፋ ሲተነትን፣ ነገሩ በጥቂቱ ሊሞከር መቻሉና ውጤቱ ለሌሎች መታየቱ ወሳኝ እንደሆነ ጽፏል። የእርስዎ የሒሳብ መምህር ሌሎቹ ወረቀት ተሸክመው ሲወጡ እጃቸውን አወናጭፈው ሲሄዱ ከታዩ፣ ለእርስዎ መቶ ስብሰባ ከሚያስገኘው ይበልጣል። ማንም ሳይነግራቸው ወንበር ስበው ይጠይቋቸዋል።

ስለ ሪፖርቱ ደግሞ ቆጥቤ አልናገርም። አስተዳደሩ ውጤቱን በኮምፒውተርም በወረቀት ሮስተርም ሁለት ጊዜ የሚያስሞላ ከሆነ እርማት ቀነስን ማለት ውሸት ነው። መጀመሪያ እሱን ያስቀሩ። ምክትል ርዕሰ መምህሩን ማሳመን ከመምህራኑ ሁሉ ይከብዳል፤ ግን የእርስዎ እውነተኛ ሥራ እዚያ ነው።

ጠመኔ ይሻለኛል

ስሜን አይታችሁ ወገኔን እንዳወቃችሁ አልጠራጠርም። አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከሚያንገራግሩት አንዱ ነኝ። ማንም ምክንያቴን አይጠይቅም፤ "ይፈራል" ብለው ያልፉኛል። አልፈራም። ምክንያት አለኝ።

አንደኛ፣ የእኔ እርማት በምርጫ ጥያቄ አይሠራም። ድርሰት ነው የማርመው። "ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ" የሚያርም ማሽን ለእኔ ምንም አልቀነሰልኝም። ፎርም ተለማመድ ብሎ የመጣ ሁሉ ከድርሰት ወደ ምርጫ ጥያቄ እንድወርድ እየጠየቀኝ ነው፤ ሳያውቀው ይሆናል፣ ግን እየጠየቀኝ ነው። ፈተናው ለመሣሪያው ሲባል የሚጣመም ከሆነ መሣሪያው ይቅር።

ሁለተኛ፣ እነዚህ ነገሮች ይሞታሉ። ዊኪስፔስስ ላይ የተማሪ ሥራ ያከማቹ መምህራን እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘግቶባቸዋል። ኤድሞዶ በ2022 ተዘጋ። ጉግል ራሱ ጃምቦርድ የተባለውን ሰሌዳ በ2024 መጨረሻ አጥፍቶታል። እኔ ከመምህርነቴ መጀመሪያ ጀምሮ የያዝኳቸው ደብተሮች ግን ዛሬም ይከፈታሉ፤ የይለፍ ቃልም አይጠይቁኝም።

ሦስተኛ፣ የልጆቹ ስምና ውጤት የት ነው የሚቀመጠው? አሜሪካ ዕድሜያቸው ከ13 በታች ከሆኑ ልጆች መረጃ የሚሰበስቡ ድረ ገጾች የወላጅ ፈቃድ እንዲያገኙ በሕግ ታስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረት መነሻውን 16 ዓመት አድርጎ አባል አገሮች እስከ 13 ዝቅ እንዲያደርጉ ፈቅዷል። እኛ ግን አንድ ነጻ ድረ ገጽ ባገኘን ቁጥር የክፍሉን ስም ዝርዝር በሙሉ እንገለብጥበታለን።

ይህን ሁሉ ብዬ አንዱን እንደምጠቀም ደግሞ አልደብቅም፤ ማንም ሥልጠና ሰጥቶኝ አይደለም። የድርሰት ረቂቆችን ጉግል ዶክስ ላይ አስጽፋቸዋለሁ። ምክንያቱ የለውጥ ታሪኩ ነው። ድሮ "አሻሽለህ ና" ብዬ የመለስኩት ድርሰት የሆሄ ግድፈቶቹ ብቻ ተስተካክለው ይመለስልኝ ነበር። አሁን ልጁ ሦስተኛውን አንቀጽ አንስቶ ወደ መጀመሪያ እንዳመጣው፣ መግቢያውን ሰርዞ እንደገና እንደጻፈው፣ ወይም ሙሉውን ድርሰት በአንድ ቅጽበት ከሌላ ቦታ አምጥቶ እንደለጠፈው አያለሁ። ለእኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የልጁ አስተሳሰብ ሲሄድ የታየኝ በዚህ ነው። ስለዚህ አስተባባሪው፣ የቋንቋ መምህራን ዘንድ ሲሄዱ ፎርሙን ይተውትና ይህንን ይዘው ይሂዱ።

የላብራቶሪው ቁልፍ

ጠመኔው፣ በአንደኛው ነጥብዎ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አንድ መሣሪያ ስል ለእያንዳንዱ መምህር አንድ ማለቴ እንጂ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ አንድ ማለቴ አይደለም።

መሞታቸውም እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን አለመጠቀም ሳይሆን መውጫውን አስቀድሞ ማየት ነው። አንድ መሣሪያ ከመምረጤ በፊት የምጠይቀው "ሥራዬን በምን መልክ ትመልስልኛለህ?" ብዬ ነው። የፎርም መልሶች ወደ ሠንጠረዥ ይወጣሉ፤ ዶክሱ በፒዲኤፍም በዎርድም ይወርዳል። የመንፈቅ ዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት ሁሉንም አውርዶ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ እንደ ሮስተር መዝጋት የሚቆጠር ሥራ መሆን አለበት። አውርዶ መውሰድ የማይፈቅድ መሣሪያ የቱንም ያህል ቢያምር አልነካውም።

ስለ ስም ዝርዝሩ ደግሞ ቀድሜ የጻፍኩት የመለያ ቁጥር ግማሹን ይፈታዋል። ስሙ በእርስዎ ደብተር፣ ቁጥሩ በድረ ገጹ። ካሁት ተማሪዎችን በአንድ የጨዋታ ቁጥር ብቻ ያስገባል፤ ኢተርፓድም ሊንኩን ለከፈተ ሁሉ የየራሱን ቀለም ይሰጠዋል፤ ማን ምን እንደጻፈ በቀለሙ ይለያል፣ ጽሑፉ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዴት እንደተለወጠም ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይቻላል። አካውንት የማይፈልገውን ማስቀደም የሁልጊዜ ምክሬ ነው።

ካሁትን ካነሳሁ አይቀር፤ ተማሪዎች ይወዱታል፣ እኔ ግን በጥንቃቄ ነው የምይዘው። በተለመደው አጨዋወቱ ፈጥኖ የመለሰ ብዙ ነጥብ ያገኛል። ፊዚክስ ላይ ደግሞ ፈጥኖ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ያላሰበው ነው። ለክለሳ፣ ለፈንጠዝያ ቀን ይሁን። ፓድሌት ላይ የተማሪዎች ጽሑፍ መምህሩ ሳይፈቅድ እንዳይታይ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፤ እሱን ሳያበሩ ክፍል ይዘው የሚገቡ መምህር ምን እንደሚገጥማቸው ለመናገር አልፈልግም።

ለሳይንስ መምህራን ደግሞ ፌት የተባሉት በኮምፒውተር የሚታዩ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሠርቶ ማሳያዎች አሉ። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመራቸው ናቸው፤ ነጻ ናቸው። ብዙዎቹን አንድ ጊዜ አውርዶ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት በብራውዘር መክፈት ይቻላል። ኔትወርኩን ለወቀሰው ባልደረባ ክርክር ከመግጠም ይህንን ፋይል መስጠት ይሻላል።

አዲሱ አስተባባሪ (ጠያቂ)

ምክራችሁን ይዤ ወደ ሒሳብ መምህራችን ሄድኩ። እንደተባለው የይለፍ ቃላቸው ጠፍቶ ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን በዚያው አለቀ። "ይህ ነው እርማት የሚቀንሰው?" ብለው ሳቁብኝ።

በነጋታው ጥያቄዎቹን መጻፍ ጀመርን። ያልጠበቅነው ችግር የሒሳብ ቀመሮቹ ነበሩ። ክፍልፋዩና የካሬ ሥሩ በኪቦርድ አልመጣላቸው አለ። እጄን ከማውሱ እንዳርቅ ስለተመከርኩ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እሳቸው ለጥቂት ጊዜ አፍጥጠው አዩና ወረቀት አውጥተው ጥያቄውን በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ጻፉት፤ "ይህንን ፎቶ አንስተህ ብታስገባውስ?" አሉ። ፎርሙ ሥዕል ይቀበላልና ፎቶዎቹን ራሳቸው አስገቧቸው። አሁን ጥያቄዎቻቸው በሙሉ በእጅ ጽሑፋቸው ናቸው፤ ተማሪዎቹም ሰሌዳው ላይ የለመዱት ስለሆነ ወደውታል።

የምርጫ መልሶቹንም በዘፈቀደ አላስቀመጡም። እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ተማሪ የሚሠራውን አንድ የታወቀ ስህተት የያዘ ነው፤ የመደመሪያና የመቀነሻ ምልክት የሳተ "ለ"ን ይመርጣል፣ ቅንፉን ሳይፈታ የሄደ "መ"ን ይመርጣል። ውጤቱ ሲወጣ ሥዕሉን አይተው "አሃ፣ ቅንፉ ነው" አሉና ተነስተው ሰሌዳው ላይ ቅንፍ ማስተማር ጀመሩ። የዓመታት ልምዳቸው በምርጫዎቹ ውስጥ ነበር፤ እኔ ያን ጥያቄ እንደዚያ ላዘጋጀው አልችልም ነበር።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ሁሉም ተማሪ ስልክ የለውም፤ የኮምፒውተር ክፍሉም ሁልጊዜ አይገኝም። ሌላው ያው ሪፖርት ነው። የወሩ መጨረሻ እየደረሰ ነው፤ አንድ መምህር ብቻ ይዤ ምን ብዬ ልጻፍ?

ቆራጡ

ሦስት አራት ልጅ በአንድ ስልክ ይቀመጥ። ተከራክረው አንድ መልስ ይላኩ። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፤ እንዲያውም ክርክሩ ከመልሱ ይበልጣል። ማርክ ግን አትስጡበት። በግዴታው ላይ ግን አቋሜን አልቀየርኩም።

የላብራቶሪው ቁልፍ

ቆራጡ ወንድሜ በዚህስ ልክ ናቸው፤ እኔም የምጨምረው የለም። ስልክ ጭራሽ በማይፈቀድበት ደግሞ አንድ ፕሮጀክተር ካለ ጥያቄው ይታያል፣ ተማሪ በእጁ ጣት ይመልሳል፣ መምህሩ ቆጥረው ይመዘግባሉ። ጥያቄው ጥሩ ከሆነ ይሠራል።

ሪፖርቱን በተመለከተ የተጠቃሚ ቁጥር አይጻፉ። ቁጥር ከጻፉ የሚቀጥለው ወር ጥያቄ "ለምን አልጨመረም?" ይሆናል፤ ከዚያ የቆራጡ መንገድ ይመጣል። በቁጥሩ ምትክ አንድ ገጽ ያቅርቡ፤ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ጥያቄ፣ ስንት ተማሪ ሳተው፣ መምህሩ ምን ደግመው አስተማሩ፣ ጥያቄው ሲደገም ምን ተገኘ። የውጤት ሥዕሉን ከላይ ይለጥፉት። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ስለ ቅንፍ ሲያነቡ ስንት ሰው ተጠቀመ ማለታቸውን ሊረሱ ይችላሉ። ካልረሱም ያው አንድ ብለው ይጻፉ፤ አንድ እውነት ነው።

አዲሱ አስተባባሪ (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ፤ እንዲሁ አደርጋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ ሌሎቹ የሒሳብ መምህራን ጥያቄዎቹን ለራሳቸው ክፍል ፈልገዋል። እሳቸው ለመስጠት ፈቃደኛ ናቸው፤ ግን "ፎርሜን እንዳያበላሹብኝ" እያሉ ነው። እንዴት ላካፍል?

ጠመኔ ይሻለኛል

ይህንንስ እኔም አውቀዋለሁ፤ ድርሰቶቹ ላይ ደርሶብኛል። የማስተካከያ ፈቃድ ለማንም አይስጡ፤ አንዱ አንድ ምርጫ ቢሰርዝ በሁሉም ላይ ይሰረዛል። እርስዎ ከዋናው ቅጂ ለእያንዳንዱ መምህር አንድ ኮፒ ያውጡ፣ ስሙን በየመምህሩ ክፍል ይሰይሙ፣ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ብቻ ያጋሩ። የተማሪዎቹ መልስ ከኮፒው ጋር አይሄድም፤ ጥያቄዎቹና ትክክለኛ መልሶቹ ብቻ ናቸው የሚተላለፉት። ዋናው ከሽማግሌው ጋር ይቅር። ደግሞም ሊንኩን ከመላክዎ በፊት ለተማሪ የሚላከውንና ለመምህር የሚላከውን ለይተው ይያዙ፤ መልሱ የሞላበትን ቅጽ ለክፍሉ በሙሉ የላከ ባልደረባ አውቃለሁ፤ በዚያ ቀን ሁሉም ተማሪ መቶ ከመቶ አግኝቷል።